የዘጋሁባት መስመር

ሜላት በሞተች በአርባኛው ቀን ካርቱም አርካዊት ሰፈር ወላጆቿ ቤት የሄድኩት ተናድጄ ነው። በእሷ ተናድጄ፣ በአባቷ ተናድጄ፣ በፍሰሐ ተናድጄ፣ ከሁሉም በላይ በገዛ ጣቴ ተናድጄ። ኪሴ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ነበረ።

አባቷ ጋሽ ሀብተሚካኤል ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያገኙትን ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚጠይቁት። «ለምን አልደወለችም? ቤት ስልክ አለ። እናቷ ቤት ነበረች። ለምን አልደወለችም?» ሰው «የእግዜር ሥራ ነው ጋሼ» ብሎ ያልፋቸዋል። መልሱን የማውቀው እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ አለ። ያን ቀን ወይ እሰጣቸዋለሁ፣ ወይ ቀድጄ እጥለዋለሁ ብዬ ነው ከምኖርበት ከዴም ሰፈር የወጣሁት።

ስሜ ማሩ ይባላል። በመተማ በኩል ካርቱም ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ሲሚንቶ ተሸከምኩ፤ ቀጥሎ ኬብል ጎተትኩ። የኔትዎርክ ሥራ ያስተማረኝ ሰው የለም። ዴም ውስጥ ከአራት ልጆች ጋር በተከራየሁት ክፍል ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ ከስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ነው የለመድኩት። ሱቅ አረቢ ገበያ አጠገብ ያለ አንድ የዱቄትና የዘይት አስመጪ ኩባንያ ሕንፃውን በሙሉ ዋይፋይ ሲያስገባ በቀን ሠራተኛነት ያዘኝ። አምስት ፎቅ፣ ስልሳ ሁለት አክሰስ ፖይንት። በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ጣሪያ ላይ እንደ ነጭ ሳህን ተለጥፋ የምታዩዋት ናት። እኛ ሳህን ነው የምንላት። ቤታችሁ እንዳለው ዋይፋይ እያንዳንዷ ለብቻዋ የምታስብ እንዳይመስላችሁ። ሳህኖቹ የራሳቸው አእምሮ የላቸውም። አምስተኛ ፎቅ ላይ ኮንትሮለር የሚባል አንድ ሳጥን አለ። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ፣ ማን ይታገድ፣ ሁሉም እሱ ባለው ነው የሚያድሩት።

የሳጥኑ አዛዥ ሜላት ነበረች። ካርቱም ዩኒቨርሲቲ የተማረች፣ ካርቱም ያደገች። ዘበኞቹ «ባሽሞሃንዲሳ» ይሏታል፣ መሐንዲሷ ለማለት ነው። እኔን ስሜን አይጠሩኝም፤ «ሐበሻው» ነው የሚሉኝ። እሷም ሐበሻ መሆኗን የሚያስታውስ አልነበረም።

የተዋወቅነው በስልክ ነው፤ እኔ መሰላል ላይ፣ እሷ ስክሪኑ ፊት ለፊት። ሳህኖቹ ከተሰቀሉ በኋላ የትኛዋ የት እንዳለች ለመለየት እሷ ስክሪኑ ላይ የአንዷን ስም ስትነካ ሳህኗ ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም ታደርጋለች። እኔ ደግሞ በየኮሪደሩ እየሮጥኩ የበራችውን እፈልጋለሁ።

«አሁን የቷ ናት?» ትለኛለች።

«መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ያለችው።»

«ምን ብዬ ልሰይማት?»

«ሰው የሚቸኩልበት ቦታ በያት።»

ሳቀች። አሳሳቋ ከቢሮ ሰው የሚጠበቅ አልነበረም፤ አፏን ሞልታ ነው የሳቀችው። «አማርኛህ ወላሂ ፈጣን ነው፤ ቀስ በል ያ ዞል፣ አንተ ሰው። እኔ የዚህ አገር ልጅ ነኝ» አለችኝ።

ሥራው ካለቀ በኋላም መብራቱ አልቀረም። ኮሪደር ላይ ሳልፍ ከራሴ በላይ ያለችው ሳህን ሰማያዊ ብልጭ ትላለች። ጥቂት ስራመድ ቀጣይዋ ትበራለች። አካባቢዬ ያለ ሰው ቀና ብሎ አያይም፤ ቢያይም አይገባውም። እኔ ግን ከአምስተኛ ፎቅ አንዲት ሴት ስልኬን ተከትላ ከሳህን ሳህን እየተሻገረች እያየችኝ መሆኑን አውቃለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያየኝ ሰው አልነበረም። በኋላ የቋሚ ሠራተኛ መታወቂያ ሲሰጠኝ ለኮንትሮለሩም የራሴ መግቢያ ስም ተሰጠኝ፤ ደብዳቤ መጻፍ ጀመርን። ስክሪኑ ላይ ለእያንዳንዷ ሳህን የኬብል ቁጥርና የተሰቀለችበት ቀን የሚመዘገብባት ትንሽ ቦታ አለች። ማንም አይከፍታትም። አሥራ ሰባተኛዋ ላይ «ዛሬ ሸሚዝህ ተተኩሷል። ለማን ነው?» ብላ ጽፋ አገኘሁ። ከስሩ «ለአንዲት ባሽሞሃንዲሳ። ካየሻት ንገሪያት» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በስልሳ ሁለት ሳህን ላይ ተጻጻፍን። ሲሞላ እያጠፋን እንደገና እንጽፋለን። ያን ሁሉ እያጠፋን መጻፋችን ዛሬ እንዴት እንደሚያበግነኝ።

ቤታቸው ግን አልገባም ነበር። ጋሽ ሀብተሚካኤል የድሮ የፖለቲካ ስደተኛ ናቸው፤ አገር ቤት አስተማሪ፣ ካርቱም የመድኃኒት መጋዘን ጸሐፊ። ቤተሰቡ አሥራ አራት ዓመት መልስ የጠበቀበት የካናዳ የስደት ማመልከቻ ፋይል አለው። ፋይሉ ላይ አባት፣ እናትና ያላገባች አንዲት ልጅ ተጽፈዋል። ልጅቷ ካገባች ከፋይሉ ትወጣለች፤ ለብቻዋ ከመጀመሪያ ትጀምራለች፣ ወይም ትቀራለች። ስለዚህ ሜላት ማግባት አልተፈቀደላትም ነበር። ዴም ውስጥ ካለ፣ ፋይል ከሌለው፣ በመሰላል ከሚኖር ሰው ጋር መታየትም አልተፈቀደላትም።

የመጨረሻው ኢንተርቪው ለእሁድ ተቀጠረ፤ እሁድ እዚህ አገር የሥራ ቀን ነው። እሮብ ዕለት ሁለተኛ ፎቅ መሰላል ላይ ቆሜ ኬብል ስቀይር ፍሰሐ ከታች ቆመ። ፍሰሐ ሦስተኛ ፎቅ ፋይናንስ ክፍል ነው የሚሠራው፤ ኦምዱርማን ነው የሚኖረው፤ አባቱና ጋሽ ሀብተሚካኤል በአንድ መኪና ድንበር የተሻገሩ ሰዎች ናቸው። የእነሱም ፋይል ካናዳ ነው፤ ከፍሰሐ ጋር የተጣመረች ልጅ ካናዳን አታጣም።

«አንተ የሳህን ሰው» አለኝ። «ካናዳ ቤት ስንገባ መጥተህ ዋይፋይ ትዘረጋልናለህ?»

«ለማናችሁ?»

«ለእኔና ለሜላት። እሁድ ኢንተርቪው አንድ ላይ ነው የምንገባው። አባቷ አልነገሩህም?» ጥቂት አሰበና «አፉ በለኝ፣ ለካ ቤታቸው አትገባም» አለ።

ከመሰላሉ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። አምስተኛ ፎቅ ስደርስ ሜላት ስክሪኑ ፊት ተቀምጣለች።

«እሁድ ከማን ጋር ነው የምትገቢው?» አልኳት።

ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም። «ማን ነገረህ?»

«እውነት ነው ማለት ነው።»

«ማን ነገረህ ነው ያልኩህ። እውነት ነው አላልኩም።»

«ፍሰሐ። መሰላሌ ስር ቆሞ፣ እየሳቀ።»

ወንበሯን አዞረችና አየችኝ። ዓይኖቿ ቀልተው ነበር፤ ያኔ አስሟ ነው ብዬ አለፍኩት። «ስማ ማሩ። ልትጠይቀኝ ነው የመጣኸው ወይስ ፈርደህ ጨርሰሃል? ጥያቄ ከሆነ ተቀመጥ። ፍርድ ከሆነ ያላ፣ በሩ ያውና።»

«ስንት ጊዜ ልቀመጥ? ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ እኮ። ለሐበሻው ንገሩት፣ ይጠብቅ፣ አባቴን ሲመቸኝ አናግራቸዋለሁ...»

«ዛሬ አባቴን አናግረዋለሁ። ነገ እነግርሃለሁ።»

«ነገ ሰልፍ ነው። ማንም አይመጣም።»

«እኔ እመጣለሁ።»

«አትምጪ። ነገም አልፈልግም፤ ከነገ ወዲያም አልፈልግም። ካናዳሽን ይዘሽ ሂጂ።»

ቦርሳዋን አነሳች። በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። «አንተ ለመሄዴ ድሮም ዝግጁ ነህ» አለችኝ። «ብቀርስ? ለመቅረቴ ምንም አላዘጋጀህም።»

ደረጃውን ስትወርድ የጫማዋን ድምፅ እየሰማሁ ቆምኩ። እንደጎዳኋት ገብቶኛል። ደስ አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሰልፈኛው እንዳይሻገር ወታደሮች ድልድዮቹን በኮንቴነር ዘጉ። እንደተለመደው ሞባይሉም ተቆረጠ፤ ኢንተርኔት የለም፣ ጥሪ የለም። በሰልፍ ቀን ሕንፃው ባዶ ነው። አለቃችን ጃፋር ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ የሚባል ሰፈር ስለሚኖር መሻገር አይችልም። ከዴም በእግር የምደርሰው እኔ ነኝና ሁልጊዜ የኮንትሮለሩን ክፍል የምጠብቀው እኔ ነኝ። ጀነሬተሩ ለመሣሪያዎቹና ለመብራት ብቻ ይሠራል፤ ሊፍቱ ይቆማል። ዘበኞቹ የፊቱን በር በሰንሰለት ይዘጉና የሚገባ ካለ በመጋዘኑ በኩል በኋላው ደረጃ ያስገባሉ። እኔም ያን ጠዋት የገባሁት በኋላው ደረጃ ነው። ይህን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፤ እኔ አልያዝኩትም።

በእንዲህ ያለ ቀን ድምፅ የሚሰማው በሕንፃው ዋይፋይ ብቻ ነበር። የሠራተኛው ሁሉ ስልክ ላይ የኩባንያው መደወያ አለ። ፎቅ ለፎቅ ይደዋወሉበታል፤ ዘጠኝን ቀድመው ከነኩ ደግሞ የመደበኛ ስልክ ያለው ቤት ይደውሉበታል። መደበኛ ስልክ አይቆረጥም ነበር።

ረፋዱ ላይ ከመንገዱ የአስለቃሽ ጭስ ተኩስ ይሰማል፤ ጭሱ በተዘጋ መስኮት ሳይቀር ይገባል። አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ ስክሪኑ ላይ የሜላት ስልክ ስም ብቅ አለ። ምድር ቤት ናት። አትምጪ ያልኳት ልጅ መጣች። ልቤ ዘለለ፣ አልዋሽም። ሁለተኛ ፎቅ ደረሰች። ወደ እኔ እየወጣች ነው ብዬ ሸሚዜን አስተካከልኩ። ሦስተኛ ፎቅ ደረሰችና ቆመች። ስልኳን የያዘችው ሳህን ስሟ «ፋይናንስ» ነው። ከሜላት ስም ስር እዚያችው ሳህን ላይ አንድ ሌላ ስም ነበረ። ፍሰሐ።

ሁለት ስም፣ አንድ ሳህን ስር።

አንድ ደቂቃ ቆየሁ። ሦስት ደቂቃ። አምስት ደቂቃ። ስሟ አልተንቀሳቀሰም። ሕንፃው ባዶ ነው፤ ሰው በማይኖርበት ቀን፣ አባቷ በማያይበት ቀን፣ ከእሱ ጋር ልትገናኝ መጣች አልኩ። ጭንቅላቴ ውስጥ የማይሰማ ሳቃቸውን ሰማሁ። አምስት ከአሥራ ስምንት ላይ ስልኬ ጠራ። ሜላት። አላነሳሁም። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። አምስት ከሃያ አንድ ላይ እንደገና ጠራ። ሁለት ሆነው ሊያስረዱኝ ነው፣ እሷ ትናገራለች እሱ አጠገቧ ቆሞ ያዳምጣል ብዬ አሰብኩ። አላነሳሁም።

አምስት ከሃያ አራት ላይ ስሟ ላይ ነካሁ። አግድ የሚል አለ። የማንም ስልክ ኔትዎርኩ ውስጥ እንዳይገባ የሚያደርግ። እሱን ነካሁ። ስሟ ከአረንጓዴ ወደ ግራጫ ተለወጠ። ጥሩ ስሜት ተሰማኝ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸታም ነኝ፤ ጥሩ ስሜት ተሰማኝ።

ከዚያ መዝገቡ ላይ መስመሮች መውረድ ጀመሩ። ልትገባ ሞከረች፣ ተከለከለች። ልትገባ ሞከረች፣ ተከለከለች። ትልፋ አልኩ። ሁለት ዓመት እኔ እንደለፋሁት እሷም አንድ ቀን ትልፋ። አምስት ከአርባ አንድ ላይ መስመሮቹ ቆሙ። ተስፋ ቆረጠች አልኩ፤ አሁን ፊት ለፊት እናወራለን ብዬ ተነሳሁ።

በፊተኛው ደረጃ ወርጄ ፋይናንስ ክፍል ደረስኩ። በሩ ተቆልፏል። በመስታወቱ ውስጥ አየሁ፤ ማንም የለም። የፍሰሐ ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ ኤሌክትሪክ ላይ እንደተሰካ ተከፍቶ ተትቷል። ያየሁት ስም ላፕቶፑ ነው። ፍሰሐ ድልድዩ ተዘግቶበት ኦምዱርማን ቤቱ ነበር።

ጃፋር ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር ነግሮኛል። «ያ ማሩ፣ ይህ ስክሪን የሚያሳይህ ዕቃ ነው፤ ሰው አያሳይህም። የትኛዋ ሳህን እንደሰማችው ታውቃለህ፤ የት እንደቆመ ግን አታውቅም» ብሎኛል። ቪዲዮ አይቶ የተማረ ሰው የሰማውን ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል። ሳህኗ የተሰቀለችው በኮሪደሩ መጨረሻ ግድግዳ ጥግ ነው። ግድግዳውን ነካሁት። ከግድግዳው ወዲያ የኋላው ደረጃ አለ።

በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ደግፋ፣ የረጠበ ሻሽ አንገቷ ላይ ወርዶ። ባኻኽ የምትላት የአስም መንፊያዋ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብላ ወድቃለች፤ አንስቼ ተጫንኳት፣ ባዶ ናት። ስልኩ ጉልበቷ ላይ ነው። ስሟን ጠራሁ፤ ጮህኩ፤ ተሸክሜያት ወረድኩ። ዘበኞቹ እዚህ ራክሻ የሚሉትን ባጃጅ አስቆሙ። በጭሱ መሃል ሾፌሩ እየሳለ ነዳ። ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተሩ አያት፤ አልሮጠም። አለመሮጡን ሳይ ገባኝ።

ቅዳሜ ጃፋር መዝገቡን አንብቦ ጠራኝ። በሩን ዘጋ። «ሳጥኑ ከአርባ አምስት ቀን በኋላ ራሱ ይደመስሰዋል» አለኝ። «አንተም ደምስሰው። ልጅቷ አስም ነበረባት፤ ጭስ ነበረ። ኸላስ፣ አለቀ።»

«አንተስ?»

«እኔ ያየሁት ነገር የለም።» ትከሻዬን ሊነካ እጁን ዘረጋ።

ሸሸሁት። ደግነቱ አቃጠለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ማታውኑ የመዝገቡን ገጽ አተምኩትና አራት ቦታ አጠፍኩት።

አርካዊት ስደርስ የአርባው ሰው ተበትኗል። ግቢው ውስጥ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደራርበዋል። ጋሽ ሀብተሚካኤል አንዱ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ እትዬ ዝናሽ፣ የሜላት እናት፣ በተከፈተው የሳሎን በር ውስጥ ብርጭቆ እየቆጠሩ ወደ ሳጥን ይመልሳሉ፤ የተዋሱት የጎረቤት ብርጭቆ ነው።

«ማሩ የምትባለው አንተ ነህ» አሉኝ ጋሽ ሀብተሚካኤል። ጥያቄ አልነበረም። «ተቀመጥ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። ለምን አልደወለችም ለሚሉት ጥያቄ መልስ ይዣለሁ። ከዚያ በፊት ግን እርስዎ አንድ ይመልሱልኝ። እሁድ ከፍሰሐ ጋር ሊያስገቧት ነበር?»

ፊታቸው ጠቆረ። «አንተ ነህ እኔን የምትጠይቀኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«አስቤ ነበር» አሉ፤ ቃሉን በግድ ነው ያወጡት። «ከአባቱ ጋር ተነጋግረናል። እሷ አልተስማማችም። እሮብ አመሻሹ ላይ መጣችና እዚህ፣ አንተ የቆምክበት ቆማ፣ 'እሁድ ስሜን ከፋይሉ አስወጡ እላቸዋለሁ፣ ማሩን አገባለሁ' አለችኝ። አሥራ አራት ዓመት የጠበቅነው ነገር ነው። አሥራ አራት ዓመት! እና እኔ ምን አልኳት መሰለህ?» ከወንበሩ ሊነሱ ሞክረው ተመለሱ። «'ስምሽን ካስወጣሽ የዚህን ቤት ስልክ ቁጥር እርሺው' አልኳት። 'ምን ቢደርስብሽ እንዳትደውዪ' አልኳት። በጠዋት ሳንነጋገር ወጣች። ስለዚህ ነው ሰውን ሁሉ የምጠይቀው። ቃሌን አክብራ እንደሆነ ነው የምጠይቀው። ገባህ?»

ሥራ አልነበራትም ያን ቀን። በጭስ ውስጥ ከአርካዊት በእግሯ የመጣችው ለእኔ ይህን ልትነግረኝ ነው። ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። መቅደድ የሚባለው ሐሳብ ከእኔ ወጣ።

ቆሜ አነበብኩላቸው። ሰዓቱን ከነደቂቃው። ሁለቴ እንደደወለችልኝ፣ እያየሁ እንዳላነሳሁ፣ ከፍሰሐ ጋር ናት ብዬ እንዳሰብኩ። አምስት ከሃያ አራት ላይ የሚለው መስመር መጨረሻ ላይ የአጋጁ ስም ተጽፏል፤ ስሜን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሳሎኑ ውስጥ ብርጭቆ መቁጠሩ ቆመ።

«ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ጊዜ ልትገባ ሞክራለች» አልኳቸው። «እስከ አምስት ከአርባ አንድ።»

ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ። ፈልጌውም ነበር። ጋሽ ሀብተሚካኤል ግን ወረቀቱን ከእጄ ነጠቁ። መነጽራቸውን ፈልገው አጡት፤ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ስልኩ በራሱ ነው የሞከረው ወይስ እጇ?»

«ስልክ በራሱ ሦስት አራት ጊዜ ሞክሮ ይተዋል። አሥራ አራት ጊዜ የሚሞክረው ሰው ነው። እያጠፋች እያበራች ነበር።»

«እየሞከረች ነበር» አሉ። ወደ ሳሎኑ በር ዞሩ። «ልትደውል እየሞከረች ነበር። ቃሌን አልያዘችውም። ዝናሽ፣ ትሰሚያለሽ? ቤት ልትደውል እየሞከረች ነበር።»

ፊታቸው ላይ ያየሁት እፎይታ አሳበደኝ። እኔ ልሞትበት ይዤ የመጣሁትን ነገር እሳቸው ሊድኑበት ነው። «ቤት አይደለም» አልኳቸው። «ሁለቴ የደወለችው ለእኔ ነው። ከላይ ተጽፏል። እየደወለች የነበረው ለእኔ ነው።»

«አንተ አላነሳህላትም። አላነሳም ያለ ሰው ጋር ማን ይመለሳል? ለአባቷ ነው።»

«እንዳትደውዪ ያሏት እርስዎ አይደሉም?»

«ልጄ ናት! የአባት ቁጣ እንደሚያልፍ ታውቃለች።»

«የእኔም እንደሚያልፍ ታውቃለች። ወደ እኔ ነበር እየወጣች የነበረው። አንድ ፎቅ ተኩል ነው የቀራት።»

«ውጣልኝ ከቤቴ።»

«ለእኔ ነው ይበሉና እወጣለሁ።»

እንዲህ ተባባልን። ግቢ መሃል፣ አንድ ሽማግሌና አንድ ወጣት፣ አንዲት የሞተች ልጅ የመጨረሻ ጥሪዋን እንደ ውርስ ይዘን ተጓተትን። ወረቀቱ ለማን ልትደውል አስባ እንደነበር አይናገርም። ሰዓቱን ያውቃል፣ ስልኩን ያውቃል፣ ሳህኗን ያውቃል፣ የከለከላትን ሰው ስም ያውቃል። ልቧን አያውቅም።

እትዬ ዝናሽ በሩ ላይ ቆመው ነበር። መቼ እንደመጡ አላየሁም። አጭር ሴት ናቸው፤ የሜላት ዓይን ነው ያላቸው። መጥተው ወረቀቱን ከባላቸው እጅ ወሰዱ። አላነበቡትም።

«ጨረሳችሁ?» አሉ።

በመሃላችን ቆሙ።

«እኔ ያን ቀን ከስልኩ አጠገብ አልተነሳሁም» አሉ። ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። «የጭሱን ተኩስ ከዚህ ሰማሁት። አስም እንዳለባት ከሁላችሁም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ምሳ አልሠራሁም፣ ሽንት ቤት አልሄድኩም፤ ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አንተ እንዳትደውል ብለህ ተናግረሃል፣ ሀብተሚካኤል። አንተ ደግሞ መስመሩን ዘግተሃል። እኔ ምን አደረግኋት? ምንም። ያልዘጋሁባት እኔ ብቻ ነኝ። ለማን ልትደውል ኖሯል?»

ጋሽ ሀብተሚካኤል «ዝናሽ» አሉ።

«ዝም በል። ለእኔ ነው የደወለችው። አሥራ አራቱንም ለእኔ ነው። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ለምን አልደወለችም የሚል ሰው እንዳልሰማ። ደውላለች።»

ወረቀቱን ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። አባትዬው ራሳቸውን አቀረቀሩ። እኔ «አይደለም፣ ለእኔ ነው» ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። የመጨረሻ ጥሪዋን ለእሳቸው ስሰጥ የተሰማኝ ነገር ቀላል አልነበረም። ከደረቴ ላይ ቆርጬ የሰጠሁ ያህል ነው። ልሄድ ዞርኩ።

«ወዴት ነው?» አሉኝ እትዬ ዝናሽ።

«ልሂድ እትዬ።»

«መቼ ጨረስክ? ወረቀት አንብበህ ልትሄድ?» በእግራቸው አንድ ወንበር ወደ እኔ ገፉ፤ ፊት ለፊቱ ሌላ አስቀምጠው ተቀመጡበት። «ተቀመጥ። እንዴት አድርገህ እንዳገኘሃት ንገረኝ። እንዴት እንደተቀመጠች፣ ዓይኗ ተከፍቶ እንደሆነ፣ ስትሸከማት እጇ ሞቃት እንደነበረ። እኛ ሆስፒታል ያየናት ሰዎች የማናውቀውን ሁሉ። አንድ ነገር እንዳታስቀር። ብታስቀርብኝ አውቅብሃለሁ።»

ተቀመጥኩ። ከደረጃው ጀመርኩ። ሻሹን ነገርኳቸው፣ ስልኩን ነገርኳቸው። እጇን ሲጠይቁኝ መዋሸት እችል ነበር፤ አልዋሸሁም። «ሞቃት ነበር» አልኳቸው።

አላለቀሱም። ጉልበታችን ሊነካካ እስኪደርስ ተጠግተው አፈጠጡብኝ። «ቀጥል» አሉኝ። እንደዚያ ያለ ቁጣ ፊት ተቀምጬ አላውቅም። ቀጠልኩ። መሸ፤ ልነሳ አልፈለግሁም።